አምላክ ልሁን ያለ ተጫዋች ይቸገር

የአንድ መስተጋብራዊ ትረካ (ተጫዋቹ በምርጫው የሚመራው ታሪክ) ውድድር ዳኞች ሰሞኑን አንድ ጨዋታ ውድቅ ያደረጉበትን ምክንያት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። በጨዋታው ተጫዋቹ የአንዲት ትንሽ መንደር አምላክ ነው። መናገር አይችልም፤ ሰው መንካትም አይችልም። ያለው ነፋስ፣ ዝናብ፣ መብረቅ፣ ሕልምና ዝምታ ነው። ዳኞቹ ይህ የተጫዋቹን ነፃነት ይጋፋል አሉ። ጎርፉን ማቆም አለመቻሉንም እንደ ትልቅ ጉድለት ቆጠሩት። ማሳረጊያቸው ደግሞ የባሰ ነው፤ አቅሙ የተገደበ አምላክ አምላክ አይባልም፣ ስለዚህ ጨዋታው የገባውን ቃል አልጠበቀም ይላል።

ከዚሁ ልጀምር። የሰው ልጅ ስለ አማልክት ካወራው ሁሉ አንድ ተረት ብቻ ይበቃኛል። ዜውስ በጥንት ግሪኮች ዘንድ የአማልክት አለቃ ነው፤ መብረቁ በእጁ ነው። በትሮይ ጦርነት የገዛ ልጁ ሳርፔዶን የሚሞትበት ሰዓት ሲደርስ ሊያድነው ይከጅላል። ሚስቱ ሄራ ግን ትገሥጸዋለች፤ አንተ ልጅህን ካተረፍክ ሌሎቹስ አማልክት የየልጆቻቸውን ነፍስ ከማትረፍ ማን ይከለክላቸዋል ትለዋለች። ዜውስም ደም አዘነበና ልጁን ለሞት ተወው። በዳኞቻችን ሚዛን ይህ የንድፍ ስህተት ነው። ዜውስ ነፃነቱ ተገፏልና ከውድድሩ ይሰረዝ!

የአምላክ ጨዋታ የሚባለው ዘውግ ራሱ ከገደብ የተወለደ መሆኑን ዳኛ የሆነ ሰው ማወቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ፖፑለስ ተጫዋቹ ተከታዮቹን አንድ በአንድ ማዘዝ አይችልም፤ መሬቱን ከፍና ዝቅ ያደርግላቸዋል፣ ሜዳ ሲያገኙ ቤት ይሠራሉ፣ ሲበዙ የእርሱም ኃይል ይበዛል። በ2001 የወጣው ብላክ ኤንድ ዋይት ደግሞ የአምላኩን እጅ ከተጽዕኖ ክልሉ ውጭ አቅመ ቢስ አደረገው። ክልሉ የሚሰፋው ሰዎች ሲያምኑበት ነው። ይህ ሁሉ የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ደካማ ስለነበረ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይበለኝ።

«እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» ይባላል፤ ነገሩ እንዳይጥም ያደርጋል እንጂ። የአምላክ ጨዋታ ንድፍ ትምህርት በሙሉ በእነዚያ አራት ቃላት ውስጥ አለ። በትር የያዘ አምላክ መታ፣ አለቀ። ነገሩ እንዳይጥም የሚያደርግ አምላክ ግን መንደሩን ሁሉ «ምን አጥፍተን ይሆን?» ያሰኛል፤ አንዱ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፣ ሌላው የቆየ ኃጢአቱን ያስታውሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ምልክት እፈታለሁ ብሎ እንጀራውን ያገኛል። ተጫዋቹ አንድ ነፋስ ነው የላከው።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣሉ እንበል። ሁለቱም ሽማግሌ ፊት ቆመው በአንተ ስም ማሉ። አንዱ ዋሽቷል፤ አንተም ታውቃለህ፤ የድንበሩን ድንጋይ በሌሊት ሲያንከባልል አይተኸዋል። ዳኞቹ በሚመኙት ጨዋታ «ታናሹ ዋሸ» የሚለውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሰማይ ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርዳሉ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ትሄዳለህ። ቁልፉን ተወውና መብረቅ ብቻ ይኑርህ። ያንን የተንከባለለ ድንጋይ መታኸው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልእክት የለም ብለህ። ሐሰተኛው ግን ቀደመህ፤ «አያችሁ፣ ድንበሬን በእሳት አተመልኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ድንጋይ ለመንካት የሚደፍር ጠፋ። ለእውነተኛው ወንድም ሕልም ብትልክለት «ርስቱን የተነጠቀ ሰው ምን የማያልመው አለ» ብለው ያልፉታል። ዝናብ ብትነሳው የሁለቱም ማሳ ይደርቃል። ዝም ብትል ዝምታህን እንደ ፍርድ ይቆጥሩታል። ከዓመታት በኋላ የሐሰተኛው ልጆች እዚያ ድንጋይ ሥር ተንበርክከው በእውነተኛ እምነት ይጸልዩልሃል፤ ያን ጊዜ ጸሎታቸውን ትሰማለህ ወይስ አትሰማም? ሁሉን የሚችል ተጫዋች እዚህ ጥያቄ ላይ መቼም አይደርስም፤ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ቁልፉን ተጭኖ አልፏል።

ሰምና ወርቅ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሊድያው ንጉሥ ክሮይሰስ ፋርስን ልውጋ ወይ ብሎ የአምላክ ትንቢት ወደሚነገርበት ወደ ዴልፊ መቅደስ ቢልክ፣ ብትዘምት ታላቅ መንግሥት ታፈርሳለህ የሚል ቃል መጣለት። ዘመተ። የፈረሰው የራሱ መንግሥት ሆነ። አምላኩ አልዋሸም፤ ንጉሡ ሰሙን ይዞ ሮጠ። እንዲህ ያለውን ነገር ለመጻፍ የአምላኩ አንደበት መታሰር አለበት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷልና ገደብ የሚባል ነገር ቀርቷል የሚሉም አሉ። ስሌቱን አውቀዋለሁ፤ በየእርምጃው አራት ምርጫ ያለው ጨዋታ በአሥር እርምጃ 1,048,576 መንገድ ያወጣል። ደራሲ ያን ሁሉ መጻፍ ስለማይችል በር ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ ማሽኑ ይጽፈዋል ይላሉ። መጻፉንስ ይጽፋል። ወርቅ ይዝነብ ስትለው ያዘንባል፣ ሙት ይነሳ ስትለው ያስነሳል፣ በማግስቱ ሁሉንም ሰርዝ ብትለው ይሰርዛል። እሺ የሚል አሽከር ለማግኘት ከሆነ አምላክ መሆን ምን ያደርጋል? ገንዘብ ያለው ሁሉ ያገኘዋል።

በነገራችን ላይ ወሰን የለሽ ሥልጣን ቃል የተገባለት ተጫዋች በእውን ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኩሪዮሲቲ የተባለ የስልክ ጨዋታ ወጣ፤ አንድ ግዙፍ ኩብ በብዙ ሰው ጣት ተፈልፍሎ በ2013 የመጨረሻዋን ቁራጭ የነካው ወጣት ጎደስ በተባለው ጨዋታ ውስጥ የአማልክት አምላክ እንደሚሆን ተነገረው። በ2015 ጋዜጠኞች ሲያገኙት ዙፋኑን ገና እየጠበቀ ነበር።

አንድ ነገር አልክድም። «ይህን አሁን ማድረግ አይቻልም» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ በር የሚዘጋ ጨዋታ የሰነፍ ሥራ ነው። ውድቅ የተደረገው ጨዋታ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንድም ቦታ የለውም፤ እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ። ወንዙ በሚሞላበት ሌሊት አንዲት አሮጊት ደጇ ላይ እሳት አንድዳ በስምህ ትጣራለች፤ አንተም ነፋሱን እያገላበጥክ ደመናውን ለመግፋት ትታገላለህ፣ አይሳካልህም። ዳኞቹ ጎርፉን ማቆም አይቻልም ያሉት እዚህ ላይ ቆመው ነው። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ጎርፉ ይቆማል። ጎርፉ በቆመ በሦስተኛው ምሽት አሮጊቷ እሳቷን ሳታነድ ተኛች። በአራተኛውም አላነደደችም። ነፋሱ፣ ዝናቡ፣ ሕልሙ ሁሉም ማያ ገጹ ላይ ተደርድረው ይጠብቁሃል፤ ስምህን የሚጠራ ግን የለም። ዳኞቹ ምዕራፉን እንዳልደረሱበት ከጻፉት ያስታውቃል።