ሰባተኛው ነጥብ

በኮሮና ጊዜ ፈረንጅ ሲጨነቅ ማየት ያሳዝን ነበር። በ2012 የካቲት መጨረሻ የጣሊያን የጽኑ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር ቁጭ ብሎ መመሪያ አወጣ። አልጋ ከጠፋ የዕድሜ ገደብ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል አለ። ከዚያማ ጭቅጭቁ፣ ፍልስፍናው! አሜሪካም ብዙ ግዛቶች ማን ይቅደም የሚለውን ለመለየት «ሶፋ» የሚባል ነጥብ ይዘው ነበር። ሳንባ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጎል፣ የደም ዝውውር፣ የደም መርጋት፤ ለእያንዳንዱ እንደ ጉዳቱ ከ0 እስከ 4 ሰጥቶ መደመር። ሰው እያጣጣረ ሒሳብ!

ስድስቱን ቆጥረው ሰባተኛውን ረሱት። እኛ ሰባተኛውን ብቻ ነው የምንጠይቀው፦ «ሰው አለህ?»

የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት በ41 የአፍሪካ አገሮች የመንግሥት ጤና ተቋማት ያሉት የሚሠሩ ቬንትሌተሮች (የመተንፈሻ ማሽኖች) 2,000 አይሞሉም ሲል የደነገጠ ሁሉ ሞኝ ነው። ማሽን ቢያንስ፣ ዘመድ መቼ አነሰን?

አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አሠራሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ሐኪሟ ከእግር እስከ ራሷ ፕላስቲክ ለብሳለች። በዚያ ጓንት ስልክ አይያዝም። የታማሚው ወንድም ግን ደግ ነው፤ ላውድ አድርጎ ጆሮዋ ሥር ደገነላት። «ዶክተር፣ አንዴ አናግሪያቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው።» ትልቁ ሰው ኦክስጅኑ ስንት ገባ ብለው አልጠየቁም። «የኛ ልጅ ነው» አሉ። ምርመራው አለቀ። ራጅ የለ፣ ደም መስጠት የለ።

ፍትሐዊነቱ ደግሞ! እንደ ጣሊያን በዕድሜ አያዳላም፤ የ90 ዓመት አዛውንትም ሰው ካላቸው ይገባሉ። በሕመም ክብደትም አያዳላም፤ ያነጠሰው ሁሉ «ለጥንቃቄ» ይተኛል።

ሕዝቡም አንድ ልብ ነው። ጠዋት ፌስቡክ ላይ «በዘመድ አሠራር አገር ጠፋ» ብሎ የጻፈው፣ ማታ አክስቱ ትንፋሽ ሲያጥራቸው «እዚያ ሆስፒታል የምታውቁት ሰው አለ? በውስጥ መስመር» ብሎ ይለጥፋል። ሁለቱም እኩል ላይክ ያገኛሉ።

ከገጠር ሪፈር ተጽፎለት የመጣው ሰውዬ ታዲያ ከሁሉ ቀድሞ ነበር የተመዘገበው። ስልክም አለው፣ ያውም ባለ ሁለት ሲም። የሚደውልለት ትልቅ ሰው ግን የለውም። ምን ይደረግ? ሰው ሊታመም ሲል አስቀድሞ መዘጋጀት ነበረበት።