ፓስወርዱ ማን ዘንድ ነው?

ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር ለሆቴልና ለንግድ ባለቤቶች በተዘጋጀ አንድ መድረክ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አቅራቢ የተናገረው ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የከተማችን ነጋዴ ወደ ኋላ የቀረው ከድርጅቱ ውጭ ላለ የቴክኖሎጂ አማካሪ መክፈል ስለሚሰስት ነው አለ። በራሱ ሰው ሲስተም የሚያሠራ ድርጅት ጥርሱን በራሱ እጅ እንደሚነቅል ሰው ነውም አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ የአቅራቢውን ቢዝነስ ካርድ ለመቀበል ሰልፍ ነበር።

በጥርሱ ልጀምር። ጥርስ ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው ቢያንስ የቱ ጥርሱ እንደሚያመው ያውቃል። ሐኪሙም ሥራውን ሲጨርስ የበሽተኛውን አፍ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ አይሄድም። ምሳሌው የተመረጠው እኛን ለማሳፈር ነበር፤ የረታው ግን ባለቤቱን ነው።

ስስት የተባለውማ ጭራሽ አስቂኝ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር የባጃጅ ሹፌሩን ማን አማከረው? ጣና ዳር ቆረሶ ጠብሳ የምትሸጠው ሴት ስልክ ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ የሰቀለችው በየትኛው ስትራቴጂክ ዕቅድ ነው? የሚጠቅመውን ነገር የባሕር ዳር ሰው ማንም ሳይሰብከው ይዞታል። የማይጠቅመውን ሲተው ደግሞ «ኋላ ቀር» ይባላል።

አሁን አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ባንኮኒው ላይ ሰፊ ስክሪን አለ፤ አማካሪ ድርጅት ያስገባው የክፍል ማስያዣ ሲስተም ነው። ከስክሪኑ አጠገብ ደግሞ ጠርዙ የተላጠ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። ልጅቷ የእንግዳውን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የክፍሉን ዋጋ በእስክርቢቶ ትጽፋለች። ለምን ስላት ሳቀች። የጥምቀት ሰሞን ወደ ጎንደር የሚያልፈው እንግዳ ሲበዛ ሆቴሉ ዋጋ ይቀይራል። ሲስተሙ ላይ ዋጋ ለመቀየር ግን የአድሚን ፓስወርድ፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያዝ ሰው የይለፍ ቃል፣ ያስፈልጋል። ፓስወርዱ አማካሪዎቹ ዘንድ ነው። ሲደወልላቸው «ነገ እናየዋለን» ይላሉ። ስለዚህ ቀን በመዝገብ ትሠራለች፣ ማታ ቁጭ ብላ ያንኑ በድሮው ዋጋ ኮምፒውተሩ ላይ ትገለብጣለች። ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ነገር ቢኖር ለሠራተኛው ድርብ ሥራ ነው።

የእኔ ጥያቄ እንግዲህ ይቺ ብቻ ናት፦ ፓስወርዱ ማን ዘንድ ነው? የውጭ አማካሪ ይቀጠር ወይስ አይቀጠር የሚለው ክርክር ለእኔ ከዚህች ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ነው። ድርጅታችሁ ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንድ የራሳችሁ ሰው ከሌለ፣ አማካሪ የምትቀጥሩበት ጊዜ ገና አልደረሰም። ሰውዬው ምንም ያህል ጎበዝ ይሁን።

የዌብሳይታችሁ አድራሻ በማን ስም ነው የተመዘገበው? በድርጅታችሁ ወይስ ሥራውን በሠራው ልጅ የግል ኢሜይል? ልጁ ካናዳ ቢሄድስ? የደንበኞቻችሁ ዝርዝር ነገ በኤክሴል አውጡ ብትባሉ ታወጣላችሁ? ባክአፑ፣ ማለትም የመረጃችሁ መጠባበቂያ ቅጂ፣ የት ነው የሚቀመጠው? መቀመጡንስ ከፍቶ ያየው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ የኮምፒውተር ዲግሪ አያስፈልግም። የሱቃቸውን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው የማይሰጡ ነጋዴዎች የሒሳብ ቋታቸውን ሙሉ በሙሉ አሳልፈው ሲሰጡ ማየት ግን ያበግናል።

ሁለት ነገር ላስታውስ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ «ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ነው»፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ የተባለለት ነጋዴ ምን ያዘ? ዕቃው መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ የዕቃው ዝርዝር ግን የት እንዳለ በማያውቀው ሰርቨር ላይ። እዚህ የሚኖር አንድ የአይቲ ልጅ በዚያ ውሳኔ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኔትወርክ ሲጠፋስ?» ብሎ ነበር። ይህን ለማወቅ ሰርተፊኬት አይጠይቅም፤ ባሕር ዳር መኖር ይበቃል።

ሁለተኛው ዶላሩ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚከፈልበት ሶፍትዌር ያስገቡት አማካሪዎች ልዩነቱን ከደንበኛው ጋር ተካፈሉ? እነሱ ክፍያቸውን ተቀብለው ከሄዱ ቆይተዋል። ሒሳቡን የሚከፍለው የቀረው ሰው ነው።

የሒሳብ ሠራተኞችን ብትጠይቁ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የግብር ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የተገዛው ሲስተም ጃንዋሪ ላይ ይከፍታል፣ ዲሴምበር ላይ ይዘጋል። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ በየወሩ ሪፖርቱ ወደ ኤክሴል ይወጣና በእጅ ይደመራል። ይህን ፊት ለፊት የሚታይ ነገር ሳይጠይቅ የገባ አማካሪ ምኑን ነው ያማከረው?

ነገሩ ግልጽ ነው። አብዛኛው «አማካሪ» የሚያማክረው ራሱ የሚሸጠውን ነው። ችግራችሁን ሳይሰማ መፍትሔውን በስላይድ ይዞ ይመጣል። ከሶፍትዌሩ ሻጭ ኮሚሽን የሚበላ ሰው በአማርኛ ስሙ ደላላ ነው። ደላላነት ነውር የለበትም፤ ግን በአማካሪ ዋጋ አይከፈለው።

«ንግድ ባንክን የሚያህል ድርጅት የራሱ ባለሙያዎች እያሉት በመጋቢት 2016 ምን ደረሰበት?» የሚለኝ አለ። አዎ፣ ሲስተሙ ተዛብቶ ተማሪዎች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለው በላይ ገንዘብ ለማውጣት ሌሊት ኤቲኤም ላይ የተሰለፉበትን ቀን እናስታውሳለን። እኔ ግን ሌላውን ነው የማየው። ባንኩ ችግሩን ሲያውቅ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቁሞ ገንዘቡን መከታተል ጀመረ። ማቆሚያው በእጁ ስለነበር ነው። እናንተስ? እሑድ ጠዋት ሲስተማችሁ ሲበላሽ የምትደውሉለት ሰው ስልኩን ያነሳል?

ለፍትሕ ያህል፣ የውጭ ባለሙያ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። አንዴ ተሠርቶ የማይደገም ሥራ ሲሆን፤ ለምሳሌ የብዙ ዓመት ሒሳብ ፒችትሪ ከተባለው የድሮ የሒሳብ ሶፍትዌር ወደ አዲስ ሲስተም ሲዛወር። ወይም የደኅንነት ፍተሻ ሲሆን፤ ሲስተሙን የሠራው ልጅ ራሱን ሊፈትሽ አይችልምና። ከባንክ ሲስተም ጋር ማገናኘትም እንደዚያው። ያኔም ቢሆን ሥራው ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉት። መጻፍ ካቃታችሁ አትቅጠሩ። ከጻፋችሁት ደግሞ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ ፓስወርዱ፣ ዳታው፣ ለራሳችሁ ሰው የሚሰጠው ሥልጠና። የመጨረሻው ክፍያ እነዚህ ሳይረከቡ አይውጣ። በዚህ የሚናደድ አማካሪ ካለ ገንዘባችሁን አተረፋችሁ ማለት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«የራሳችን ሰው ብንቀጥር ይለቅብናል» የሚሉኝ ባለቤቶች አሉ። እውነት ነው፣ ይለቃል። በዚያ ደመወዝ እኔም እለቅ ነበር! አማካሪውስ መቼ አብሯችሁ ሊኖር መጣ? እሱ እኮ የሚለቅበት ቀን ውሉ ላይ ተጽፏል። አንድ የአይቲ ልጅ የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቅ «በጀት የለም» የሚል ባለቤት ለአማካሪ ቅድመ ክፍያ ሲፈርም እጁ አይንቀጠቀጥም። ስስት ካለ እዚህ ጋ ነው ያለው። አቅራቢው ግን ይህን ሊነግራቸው አልመጣም።

ይህች ከተማ ደግሞ ባለሙያ ጠፋባት የምትባል ከተማ አይደለችም። «ፖሊ» የምንለው የድሮው ፖሊቴክኒክ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ቴክኒሻን ሲያሠለጥን ኖሯል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሥር ሆኖ ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምራል። ልጆቹ ሲመረቁ አዲስ አበባ ይሄዱና እዚያ ተቀጥረው ይመለሳሉ፤ በአማካሪነት፣ አበል ተከፍሏቸው። መድረኩ ላይ ከቆሙት አንዱ የፖሊ ልጅ ቢሆን አይገርመኝም።

ፖሊ በባጃጅ የሚደረስበት ግቢ ነው። ሂዱና አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለክረምት ውሰዱ። ደህና ክፈሉት። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አታስነኩት፤ ሪሴፕሽን ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ሒሳብ ክፍል አስቀምጡትና ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ይይ። ክረምቱ ሲያልቅ «ይቺን ሥራ እኔ አልችላትም፣ ከውጭ ሰው ጥሩ» ካላችሁ፣ ያን ጊዜ ለአማካሪው ደውሉ።