የተከፋፈለ መንግሥት ወጪን ይገታልን?

በአሜሪካ ዋይት ሀውስ (ፕሬዚዳንትነቱ) እና ኮንግረስ (ሕግ አውጪው ምክር ቤት) በተለያዩ ፓርቲዎች እጅ ሲሆኑ የመንግሥት ወጪ ይገታል የሚለው አስተያየት በከፊል ብቻ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ከሪፐብሊካን ኮንግረስ ጋር በበጀት ጉዳይ ተፋጥጠው፣ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች እስከ መዘጋት ደርሰው፣ በ1998 በጀቱ ትርፍ ማሳየቱ አይካድም፤ ሆኖም የዘመኑ የኢኮኖሚ ዕድገት ያስገኘውን የግብር ገቢና ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ የቀነሰውን የመከላከያ ወጪ መዘንጋት አይገባም። በ2020 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤቱ በዴሞክራቶች፣ ሴኔቱና ፕሬዚዳንትነቱ በሪፐብሊካኖች እጅ እያሉ፣ 2 ነጥብ 2 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስወጣው የኮሮና ድጎማ ሕግ በሴኔት 96 ለ0 አለፈ። ያ በእርግጥ የወረርሽኝ ጊዜ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በ2019፣ ምንም ወረርሽኝ ሳይኖር፣ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ለመከላከያ፣ ሌላው ለአገር ውስጥ ፕሮግራሞች የፈለገውን እንዲያገኝ ተስማምተው በሕግ የተቀመጠውን የወጪ ጣሪያ በጋራ ከፍ ማድረጋቸው ነው።