ወደ ቆሻሻ የሚሄደው ደም መልስ

አክስቴ ከ20 ዓመት በላይ ምጣድ ፊት ቆመው እንጀራ ጋግረዋል። ግራ እግራቸው ላይ አብጦ የተጠማዘዘው ደም መልስ፣ ብዙዎቻችን «ቫሪኮስ» የምንለው፣ ዓምና በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ሐኪሙ «ቫልቩ ላልቷል፤ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ይጠራቀማል» ብለው አስረዱን። ትክክል ነው፤ ቫልቭ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር ነው። የወጣው ደም መልስ ግን በዚያው ቀን ተጣለ። ከሰውነት የተወሰደ ቁራጭ የሚመረመርበት የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝና ነገሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደም መልስን እንደ ጎማ ቱቦ ማሰብ ለምደናል። ግድግዳው ግን ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ኦክስጅን ይፈልጋል። በውስጡ የሚያልፈው ደም ደግሞ ኦክስጅኑን በየአካሉ አራግፎ የሚመለስ ነው። ስለዚህ ግድግዳው የራሱ መጋቢዎች አሉት፤ በላቲን ቫሳ ቫሶረም፣ «የደም ሥር ደም ሥሮች» ይባላሉ። ደም ቅዳ ላይ በአብዛኛው ከውጨኛው ሽፋን ብዙም አይርቁም፤ ደም መልስ ላይ ግን ወደ ውስጠኛው ሽፋን ጠልቀው ይገባሉ።

ሰው ሲቆም ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ጤነኛው ሲራመድ ባቱ ደሙን ወደ ላይ እየገፋ ግፊቱን ያወርድለታል፤ ቫልቩ የላላበት ግን በእርምጃም አይቀለውም። ታዲያ ይህ ግፊት መጋቢዎቹን ይጨፈልቃቸዋል? ግድግዳው ሲታፈን አዳዲስ ያበቅላል? ወይስ ግድግዳው ቀድሞ ተጎድቶ ሰፋና ቫልቩ መገጣጠም አቃተው? መልሱ ያለው በምንጥለው ቁራጭ ውስጥ ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ቁራጩን ስስ አድርጎ መክተፍ፣ ሲዲ 34 በሚባለው ምልክት የመጋቢዎቹን ሽፋን ማቅለም፣ በማይክሮስኮፕ መቁጠር። እኔ የምፈራው ቁጥሩ የሚያታልልበትን መንገድ ነው። የታመመ ደም መልስ አንድ ቦታ ወፍሮ፣ ሌላ ቦታ ሳስቶ ይገኛል። መጋቢዎቹ ሳይጨመሩ ሳይቀነሱ፣ በካሬ ሚሊ ሜትር ስናሰላ ወፍራሙ ላይ ያነሱ፣ ስሱ ላይ የበዙ ይመስላሉ። ስለዚህ የዙሪያው ጠቅላላ ብዛት፣ የግድግዳው ስፋትና የእያንዳንዱ መጋቢ ርቀት ከውስጠኛው ሽፋን አብረው መመዝገብ አለባቸው። ደም መልሱ ከወጣ በኋላ ይኮማተራል፣ እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊንም ያሳጥረዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ተጎትቶ ሲወጣ ውጨኛው ሽፋን መቀደዱ ነው፤ መጋቢዎቹ የሚገቡት በዚያው በኩል ነው! ቁራጩ ሳይጎተት፣ ከብሽሽት አጠገብ በጥንቃቄ ተለይቶ መወሰድ ይኖርበታል።

ማነጻጸሪያውም አስቸጋሪ ነው። «ጤነኛ» ተብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተዘጋ የልብ ደም ቅዳን ለመሻገር ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከተወሰደ የእግር ደም መልስ የተረፈ ነው፤ ባለቤቱ የደም ቅዳ ሕመምተኛ ነው።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም። በስዊድኗ ኦሬብሮ ከተማ የልብ ቀዶ ሐኪሙ ዶሚንጎስ ሱዛ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእግር ደም መልስን በዙሪያው ካለው ስብ ጋር ማውጣት ጀመሩ። ለልብ ሲተከል ከተገፈፈው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ ጥናቶቻቸው አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የመጋቢዎቹ መትረፍ እንደሆነ ይታመናል።

አሁን ብዙ አገሮች ደም መልሱን በሌዘር ወይም በራዲዮ ሞገድ ሙቀት እዚያው እግር ውስጥ ይዘጉታል። ለሕመምተኛው ይሻላል፤ ለምርመራ ግን የሚተርፍ ነገር የለም። እኛ ጋ አሁንም በቀዶ የሚወጣ አለ። ቁራጩ እጃችን ላይ እያለ መጣላችን ነው የሚያንገበግበኝ። ሕመምተኛውን አስፈቅዶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማስቀረት፣ ከየትኛው እግርና ከየት ከፍታ እንደተወሰደ መጻፍ፣ ይኸው ነው የምለምነው።

የአክስቴ ቀኝ እግር ተራውን እየጠበቀ ነው። ስጠይቃቸው «ከወጣልኝ በኋላ ምን ይሠራልኛል፤ ውሰጂው» አሉኝ። አንድ እግር ጥናት አይሆንም፤ አውቃለሁ። ጠርሙሱን ግን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ።