ማስተካከያ፦ ጄኒ ያገባችው ሦስት ጊዜ ነው

ባለፈው ስለ ጄኒ ክሮፎርድ ስጽፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። ጄኒ ዞራ ኒል ኸርስተን እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመችው ልብወለድ ውስጥ ያለች የፍሎሪዳ ሴት ናት። "ሁለት ባል አገባች፤ ቲ ኬክም ጎርፍ ወስዶት ሞተ" ብዬ ነበር። ሁለቱም ልክ አይደለም፤ ይቅርታ።

የመጀመሪያ ባሏን ሎጋን ኪሊክስን ዘልዬዋለሁ። 60 ኤከር መሬት ያለው፣ አያቷ የመረጡላት ሰው ነው። ከተጋቡ ፍቅሩ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም።

ሁለተኛው ጆ ስታርክስ የኢተንቪል ከንቲባ ነበር። ሱቁ ውስጥ ጸጉሯን በሻሽ አስጠቀለላት፤ ሰው ፊት እንዳትናገርም ከለከላት። የሞተ ዕለት ሻሹን ፈታ ጸጉሯን በመስታወት አየችው።

ሦስተኛው ባሏ ቲ ኬክ ግን ከጎርፉ ተርፏል። እሷን ሲያድን እብድ ውሻ ጉንጩን ነከሰው። ከሳምንታት በኋላ በሽታው አእምሮውን ሲነሳው ሽጉጥ ተኮሰባት፤ እሷም በጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። ፍርድ ቤትም ነፃ አላት። "ጎርፍ ወሰደው" ማለቴ በጣም የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። የሕይወቷን ከባዱን ቅጽበት ነጥቄያታለሁ። ደግሞም ይህን ሁሉ ለጓደኛዋ ለፊቢ፣ ጓሮ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የምታወራው ራሷ ጄኒ ናት።