ዘይቱ አይቀየርም አሉን!

«የካምቢዮው ዘይት ዕድሜ ልኩን አይቀየርም» ተብሎ የተሸጠልኝ ባለ ሲቪቲ (በጥርስ ማርሽ ፋንታ በቺንጋ የሚሠራ) አውቶማቲክ መኪና በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው ሐረጎ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልሄድ አለ። ጋራዥ ሲከፈት የወጣው ዘይት እንደ ጀበና ቂጥ የጠቆረ ነው፤ ካምቢዮው በሙሉ ይቀየር ተባልኩ። ለመሆኑ የተቆጠረው የማን ዕድሜ ነው? የዋስትናው? ከኮምቦልቻ ደሴ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ፣ አምስት ሰውና ጤፍ ጭኖ የሚወጣን መኪና ጉልበት የሚያስተላልፈው አንድ የብረት ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ሲንሸራተት ይሞቃል፣ ሙቀቱ ዘይቱን ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ መልሶ ቺንጋውን ያስበላል። መሐንዲሶቹ ይህን አያውቁም? ያውቃሉ እንጂ! ታዲያ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ያስቀሩት እንዳናይ ነው? ፍሪሲዮን እየተቀየረለት ከእኔ ዕድሜ የሚበልጠው የጎረቤቴ ማንዋል ላንድክሩዘር ዛሬም ባቲ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። እኔ ደግሞ፣ የዘመናዊ መኪና ባለቤት፣ ሚኒባስ ተራ ተሰልፌአለሁ።