የቤት ሥራው ቴሌግራም ላይ ነው

እኔ የምለው፣ "ስልክ ይዞ መምጣት ክልክል ነው" የሚል ትምህርት ቤት የቤት ሥራውን በቴሌግራም የሚልከው ለምንድን ነው? ያውም ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ!

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ። ትናንት ማታ "በይ ጥያቄዎቹን ገልብጪና ስሪ" ብዬ ስልኬን ሰጠኋት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ገባ ብል ደብተሩ ላይ ያለው ቀኑና "የቤት ሥራ" የሚል ርዕስ ብቻ ነው። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሮበታል። (ማስመር ላይ ማን ብሏት!) ስልኩ የክፍሏ ልጆች ግሩፕ ላይ ነው። ያልተነበበ መልእክት 312።

ነጠቅኳት። አለቀሰች። "እማዬ፣ ነገ ሁሉም ሲስቁ እኔ ብቻ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልገተር ነው?" አለችኝ። እውነት ለመናገር መልስ አጣሁ። እኔም ቢሮ ሻይ ላይ ያልሰማሁት ወሬ ሲወራ ሆዴን ይበላኛል።

"እሺ፣ የሒሳብ ትምህርት ሲያመልጥሽስ ለምን አትደነግጪም?" አልኳት።

"እሱማ ድሮም አይገባኝም።"

የደም ዓይነቷን የምትነግረኝ ነው የሚመስለው። በቃ፣ አለቀ። ይቺው ልጅ እኮ ለአንዲት አጭር ቪዲዮ አሥራ አንድ ጊዜ ስትቀርጽ ቆጥሬያለሁ። ታጠፋለች፣ ትደግማለች፣ መጋረጃውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አንዴም "አልችልም" አላለችም። እኩልታ ስታይ ግን እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች።

ከየት አመጣችው? ከእኛ ነዋ! ካርድ በተሰጠ ቁጥር ዘመድ አዝማዱ የሚጠይቃት "ስንተኛ ወጣሽ?" ነው። 4ኛ ክፍል እያለች መምህሯ እዚያው ፊቷ "ይቺ እንኳን ለሒሳብ አልተፈጠረችም" ሲሉኝ እኔ ምን አልኩ? ምንም! እጇን ይዤ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ! እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

ቀጥሎ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ውጤት መጣ። በ2014 ፈተና ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2። እኛ እራት ላይ "ኧረ ጉድ፣ ከመቶ ሦስት!" እየተባባልን ስናወራ ልጅ እንደሚሰማ ማን አሰበ? እሷ ጉርሻዋን እየጠቀለለች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ "ከእኛ ክፍል እኮ ሁለት ልጅ አይሞላም" አለች።

ክፍሏ ውስጥ 55 ናቸው። እኔ በስልኬ ካልኩሌተር መታሁት። 1.8። ወረቀት የለ፣ እስክሪብቶ የለ፣ በጭንቅላቷ ሠርታዋለች። ሒሳብ የማይገባት ልጅ! ሠርታም ራሷን ከሁለቱ ውጭ አስቀምጣለች። "ጎበዝ፣ ልክ ነሽ" ማለት ሲገባኝ ያልኩት "ብዪ፣ ወጡ ቀዘቀዘ" ነው።

አሁን ይህን ስጽፍ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታለች። 2 ሰዓት ሆኗል። የቤት ሥራ ተልኳል።